ኳሱ ከየት መጣ

ከልጄ የቅመም ሱቅ ቀጥሎ ጫማ የሚጠግን አንድ ፈረንጅ ነበረ። ይህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ ነው፤ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ። ያኔ መንገዱ እንደ አሁኑ የእኛ ሰው አልሞላበትም። ጥቂት ምግብ ቤት፣ የልጄ ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ የሚቸኩል መኪና ብቻ። ልጄ ሌላ ሥራ ስለነበራት ሱቁን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ገዢ ሲጠፋ ወንበሬን ደጅ አወጣለሁ፤ ጫማ ጠጋኙም ወንበሩን ያወጣል። እንግሊዝኛዬ ስብርባሪ ነበር። የእሱም ስብርባሪ ነበር። ስብራታችን ግን አንድ ቦታ ላይ ስለነበረ በደንብ ተግባባን። አሜሪካኖቹ የሁለታችንም አይገባቸውም፤ እኛ ለእኛ ግን አንድም ቀን ተቸግረን አናውቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኝ ጠዋት «መርሃባ» አለኝ። ዞሬ ከኋላዬ የቆመ ዓረብ ፈለግሁ። ማንም የለም። ሰማያዊ ዓይን ያለው፣ ሽበቱን በቅባት ወደ ኋላ ያስተኛ ሰው ነው የሚያናግረኝ። አገሬ ቦስኒያ ነው፣ እስላም ነኝ አለኝ። እኔ ያደግሁት ወሎ ነው፤ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖር አይቻለሁ፤ እስላም ፈረንጅ ግን አላየሁም ነበር። «እስቲ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ ፋቲሓን ቅራልኝ» አልኩት። አንዳንዱን ቦታ እየዋጠ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አደረሰው። ከዚያ ወዲህ የፆም ወር ሲመጣ ማፍጠሪያ እልክለታለሁ። ቀን ቀን ከሱቁ ጀርባ ሄዶ ሲጋራ እንደሚያጨስ አውቃለሁ። እኔ እንደማላውቅ ሆኜ እልካለሁ፣ እሱም እንደ ፆመ ሰው ሆኖ ይቀበላል።

«ዩጎዝላቪያ» ስለው «ቦስኒያ» ብሎ ያርመኛል። እሱ «ኢትዮጵያ» ሲለኝ እኔም «ወሎ» ብዬ ማረም ጀመርኩና ተስተካከልን። እኔን «ናና» ይለኛል፤ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። በዕድሜ ያን ያህል አልበልጠውም። ግን ራሱን ጎረምሳ ማድረግ ስለሚወድ ተውኩት።

ይህ ሰው በወጣትነቱ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተ አጥቂ ነበር። ኳስ አይገባኝም፤ የእሱን የኳስ ዘመን ግን ከራሴ ትዳር ዘመን ባልተናነሰ አውቀዋለሁ፤ ምክንያቱም ሚስማር እየመታ የማያወራው የለም። የተወለደው ወንዝ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ኳሱን የሠራው በእናቱ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ነው። እናቱ ካልሲዋን ስታጣ ገረፈችው። እሱም በማግሥቱ የቀረውን ካልሲ ወስዶ ኳሱን አተለቀ። «አንድ ካልሲ ብቻውን ለእሷም አይጠቅማት» አለኝ። ፍርዱ ልክ ነው።

አድጎ ለባቡር ሠራተኞች ቡድን ተጫወተ፤ ከዚያ ወደ ትልቁ ከተማ ወሰዱት። ጠዋት ጫማ ፋብሪካ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ይወርዳል። ደመወዜ የጫማ ሠሪ፣ ጭብጨባዬ የንጉሥ ነበር ይላል። በአምሳዎቹ ብሔራዊ ቡድን ጠራው፤ ያልረገጠው አገር አልነበረም። እኔ አገር ማየት ያምረኛልና እጠይቀዋለሁ።

«ፓሪስ እንዴት ናት?»

«ሣሯ አጭር ነው።»

«ሮምስ?»

«ሮም ሜዳው ይደርቃል። ከወደቅሽ ጉልበት ይልጣል።»

«ሎንዶን?»

«ለስላሳ!» አለና ዓይኑን ጨፈነ። «በጣም ለስላሳ።»

ዓለምን የዞራት እንደ በግ ነው፤ ሣሩን ብቻ እያየ።

ወደ ትልቁ የዓለም ውድድር መሄዱንም በየጊዜው ያነሳል። አንድ ቀን በደንብ ያዝኩት።

«እዚያ ስንት ጎል አገባህ?»

«ተመርጬ ሄጃለሁ።»

«እሱን ሰማሁ። ተጫወትክ ወይ?»

«ሱፍ አሰፉልኝ፤ ጥቁር ሰማያዊ።»

«ተጫወትክ ወይ ነው ያልኩህ!»

ያኔ በጨዋታ መሀል ሰው መቀየር የሚባል ነገር የለም አለኝ። የጀመሩት ይጨርሳሉ። እሱ የተወሰደው ድንገት አንዱ አጥቂ በጨዋታው ቀን ጠዋት ቢታመም ተብሎ ነው።

«ታዲያ ታመመ?»

«ጤነኞች ነበሩ» አለና ሚስማሩን ከሚገባው በላይ ጠልቆ እስኪሄድ መታው።

በእነሱ አገር ተጫዋች በዕድሜ ካልገፋ በቀር ውጭ ሄዶ እንዲጫወት አይፈቀድም ነበር። ለእሱ ሲፈቀድ ጉልበቱ አልቆ ነበር። ጀርመን ጥቂት ጊዜ ነክቶ ወጣ። ከዚያ አሜሪካኖች ኳስ እንጀምራለን ብለው ከየአገሩ ያረጀ ተጫዋች ሲሰበስቡ እሱንም ሎስ አንጀለስ አመጡት። ተመልካች ጠፋ፣ የኳስ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ተመለሱ። እሱ የጫማ ሙያ ነበረውና ቀረ።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚወደው አንዲት ጎል ነበረች። ለትልቁ ውድድር ለማለፍ በተደረገ ጨዋታ ያገባት ናት፤ እሷ ናት ያስመረጠችው። ገዢ በመጣ ቁጥር ይነግራል፤ እኔ ከቅመም ሱቁ ሆኜ በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። «ዝናብ ነበር። ጭቃው እስከዚህ። ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ኳሱ መጣ። ተነሳሁ። በቴስታ!» ሲል መዶሻው ይወርዳል። አንዲት ሴትዮ ታኮ ልታስቀይር መጥታ ጎሉን ይዛ ሄደች፣ ጫማዋን ረስታ።

ሱቁ ግድግዳ ላይ የድሮ ቡድኑ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ግማሾቹ ቆመዋል፣ ግማሾቹ በርከክ ብለዋል። ከበረከኩት የአንዱ ፊት ላይ የጫማ ቀለም ማስታወቂያ ተለጥፏል።

«ይሄ ሰው ምን አድርጎህ ነው?» አልኩት።

«የቱ?»

«ፊቱን ቀለም የሸጥክበት።»

«ማስታወቂያ ነው፤ ካምፓኒው ነው የሰጠኝ።»

«ካምፓኒው የሌሎቹን ፊት ለምን አልፈለገውም?»

ሚስማር መምታቱን ቀጠለ። እኔ ደግሞ የሰው ፊት ያለ ፍርድ ሲሸፈን አልወድም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አወጣጣሁት። ፊቱ የተሸፈነው ሰው የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነው። የአንድ ሠፈር ልጆች ናቸው፤ በዚያች የካልሲ ኳስ አብረው ጀምረዋል። አብረው ባቡር ሠራተኞቹ ጋ፣ አብረው ትልቁ ከተማ፣ አብረው አሜሪካ። ማኅበሩ ሲፈርስ ያኛው ሃውቶርን ውስጥ አውሮፕላን ፋብሪካ ገባ። ከዚያ ባለ ክንፉ ሴት ልጁን ሲድር፣ ሠርጉ ላይ ጫማ ጠጋኙ ተነስቶ የዝናቡን ጎል ለእንግዳው ሁሉ ተናገረ። የሙሽራይቱ አባት ከወንበሩ ተነስቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም፤ ልጅቱ ራሷ ልጆች አድርሳለች።

«ለምን ወጣ?» አልኩት።

«ቅናት ነው። እኔ ተመረጥኩ፣ እሱ ቀረ። ጎሉ የእሱ እንዲሆን ይፈልጋል።»

«እሱ ነው ያለህ?»

«አላለኝም። ግን አውቃለሁ።»

ነገሩ እዚያ ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ ቀን ካገራቸው ሰዎች አንዱ ጫማ ሊያሠራ መጥቶ ወሬ አመጣ። ባለ ክንፉ ጡረታ ወጥቷል፣ ሚስቱ ሞታበታለች፣ በሚመጣው ወር ጓዙን ጠቅልሎ ቦስኒያ ሊገባ ነው፤ ወደዚህ አይመለስም። ጫማ ጠጋኙ ይህን ሰምቶ «መልካም መንገድ» አለ። ከዚያ በኋላ ግን የሚሠራው ሁሉ ተበላሸ። ለቀኝ ጫማ የግራውን ሶል ለጠፈ። ጣቱን በመዶሻ መታ። ጎሉን እንኳ መናገር ተወ፤ ገዢ ገብቶ በሰላም ይወጣል።

«ደውልለት» አልኩት።

«እሱ ይደውል። ሠርግ ረግጦ የወጣው እሱ ነው።»

«የገዛ ልጁን ሠርግ ነው የረገጠ።»

«ቢሆንም።»

«ሰውየው እየሄደ ነው። ከሄደ አታገኘውም።»

«አላገኘውም» አለና ወደ ደቡብ፣ ወደ ሃውቶርን የሚያወርደውን መንገድ ያይ ጀመር። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «ናና፣ በካልሲ የተጫወትነውን ከእሱ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም» አለኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ዝም ብዬ ቅመም ልሸጥ አልችልም። እኛ ወሎ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አበጋር እንለዋለን። አባቴ አበጋር ነበር። ደም የተቃባ ሰው ሳይቀር እሱ ፊት ይቀመጣል፤ እኔ በልጅነቴ ከግርግዳው ኋላ ሆኜ እሰማ ነበር። በሕይወት ቢኖር «ሴት አበጋር የት አይተሽ ነው?» ይለኝ ነበር። እኔም «እስላም ፈረንጅስ የት አይተህ ነው?» እለው ነበር።

የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይላክበታል እንጂ በስልክ ና አይባልም። ሁለት ሰው መረጥኩ። አንደኛው የልጄ ባል ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ ኳስ ነፍሱ ነው። ለሽምግልና ዕድሜው አልደረሰም፤ ግን መኪና አለው። ሁለተኛው እኛ መንገድ ላይ ያለውን የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን። በእኛ አገር እርቅ ላይ ከሁለቱም ሃይማኖት ሰው ካልተቀመጠ እርቁ ሙሉ አይሆንም።

«ጋሼ፣ ሥርዓቱን ለእርስዎ አልነግርም» አልኳቸው።

«ኧረ እትዬ! ስንቱን አስታርቄ ነው ያረጀሁት፤ ለእኔ ይተዉት።»

የልጄን ባል ግን በደንብ አስጠናሁት። ግቡ ካላችሁ ግቡ። ተቀመጡ ቢላችሁ እሺ እስኪል ድረስ አትቀመጡ። ምግብ ቢያቀርብ አትቅመሱ። የሽማግሌ ወግ ይሄ ነው፤ ቆሞ፣ ሳይበላ ይለምናል፤ ባለቤቱም ያፍርና እሺ ይላል። ይህን ወግ ሰውየው ያውቀው እንደሆነ ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም።

ቅዳሜ ሄዱ። እዚያ የሆነውን የልጄ ባል ሲመለስ እንዲህ ብሎ ነገረኝ።

«እማ፣ ድራይቭ አድርገን ሃውቶርን ደረስን፣ ፓርክ አደረግን፣ አንኳኳን። ትንሽዬ ሽማግሌ ከፈተ። ‹ለሰላም ነው የመጣነው› አልኩት። ‹ሃይማኖት አለኝ፣ ሌላ አልፈልግም› አለ። ሶ ጋሼ ከፌርፋክስ ነው፣ ከጫማ ጠጋኙ ጋ ነው አሉት። ሰውየው ነጭ ሆነ። ‹ሞተ?› አለ። ኖ፣ ደህና ነው አልነው። ከዚያ ግቡ አለ፣ ገባን። ወንበር አመጣ። ቆምን። ‹ተቀመጡ!› አለ። ቆምን። ሌላ ወንበር አመጣ፤ ወንበሩን ያልወደድነው መስሎታል። ከዚያ ኪችን ገብቶ ሥጋ የተጠቀለለበት፣ እንደ ሳምቡሳ ያለ ነገር፣ ትልቅ ትሪ ሙሉ፣ ትኩሱን! እማ፣ ሽታው! ጋሼ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ‹አንቀምስም› አሉ።»

ቦስኒያ ውስጥ እንግዳ የቀረበለትን አልበላም ካለ ጠላትነቱን ተናገረ ማለት ነው፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሰውየው ትሪውን አስቀምጦ ስልኩን አነሳ። የልጄ ባል ፖሊስ ሊጠራ ነው ብሎ በሩን ማየት ጀመረ። ሰውየው ግን ፖሊስ አልጠራም። ቁጥሩን የትም ሳያይ፣ በቃሉ፣ የጫማ ጠጋኙን ሱቅ ደወለ።

እኔ በዚያ ሰዓት እዚያው ጫማ ጠጋኙ አጠገብ ወሬ እየጠበቅሁ ነበር። ሽማግሌ መላኬን አልነገርኩትም፤ ቢያውቅ ይከለክለኛል። ስልኩ ጮኸ፣ አነሳ። ከስልኩ ውስጥ የሚወጣው ጩኸት ለእኔም ተሰማኝ። ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን ይዞ እንደቆመ ቀረ፤ ፊቱ ላይ ያለው ነገር ቁጣ ይሁን ፍርሃት ለመለየት አስቸገረኝ። የስልኩን አፍ በመዳፉ ሸፈነው።

«ናና! እሱ ነው!»

«እሰይ። ሰላም በለው።»

«ሁለት ሰው ቤቴ ገብቶ ቆመ ይላል! አይቀመጡም፣ አይበሉም። የሚስቴን አሠራር ተምሬ ያበሰልኩትን ናቁብኝ ይላል። ምን ዓይነት ሰው ነው የላክህብኝ ይላል። ማንን ነው የላክሽው?»

«ሽማግሌ ነው የላክሁት። እሁድ እመጣለሁ ይበልና ይቀመጣሉ፤ ይበላሉም።»

ነገረው። ያኛው ጮኸ። ይሄኛውም ጮኸ። ከዚያ ያኛው ዝም አለ፣ ይሄኛውም ዝም አለ። አንድም ቃል ባይገባኝም፣ ዝምታው የሁለቱ ብቻ ስለነበረ ዓይኔን ወደ ጫማዎቹ አዞርኩ። በመጨረሻ ያኛው አጭር ነገር ተናግሮ ዘጋ።

«ምን አለ?»

«እመጣለሁ አለ። ‹ለአንተ ብዬ አይደለም፣ ሰዎቹ ይብሉ ብዬ ነው› አለ።»

በሉም። የልጄ ባል «እማ፣ ትሪውን ፊኒሽ አደረግነው» ሲለኝ ጋሼ እንዳልሰሙ ሆነው ጢማቸውን ይጠርጉ ነበር።

እሁድ የጫማ ሱቁን ዘግተን እዚያው ተቀመጥን። ከወሬው ተነስቼ ባለ ክንፉን ግዙፍ ሰው አድርጌው ነበር። የገባው አጭር፣ ራሰ በራ፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ነው። ከሁላችን በፊት ያየው ያን ፎቶግራፍ ነው። ፊት ለፊቱ ልቆም ሞከርኩ፤ አልፎኝ ሄዶ የጫማ ቀለሙን ማስታወቂያ በጣቱ ነካ።

«እዚህ ጋ ማን ነበር?» አለ።

«ከላይ ወድቆ ነው የተለጠፈው» አለ ጫማ ጠጋኙ።

ባገራቸው ቋንቋ ተጯጯሁ። እኔ «ቁጭ በሉ!» ብዬ ጮህኩ። የወጣልኝ በአማርኛ ነው፤ ሁለቱም ተቀመጡ። ጋሼ መረቁ፣ እኔ ዱዓ አደረግሁ፤ ሁለቱ ቦስኒያዎች ከእኛ እኩል «አሚን» አሉ። ከዚያ ወጉን ነገርኳቸው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይይዛል፤ ቃል የቆረጠ ይፈረድበታል።

ጫማ ጠጋኙ ጀመረ። ተነስቶ ቆሞ ነው የተናገረው፤ ያለመዶሻ መናገር ስለማይችል መዶሻውንም አነሳ። «ዝናብ ነበር። ጭቃው እስከዚህ። ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ኳሱ መጣ።»

«ከየት?» ብሎ ዘለለ ያኛው።

«ተራህ ሲደርስ!» አልኩት። ቃል በመቁረጡ ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁበት። ጫማ ጠጋኙ ጎሉን ጨረሰ፤ መዶሻውም ወረደ።

የባለ ክንፉ ተራ ደረሰ። ጎሉ የእኔ ነው ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዲህ ነው ያለው፦

«ጎሉ የእሱ ነው። የእኔ ነው ብዬ አላውቅም። እኔ በዚያ ጭቃ ውስጥ በቀኝ መስመር ሮጬ፣ ጫማዬ ወልቆ፣ በካልሲ ነው ኳሱን ያሻማሁለት። እሺ፤ እሱ ተመረጠ፣ እኔ ቀረሁ፤ ይሁን። በልጄ ሠርግ ላይ፣ አማቶቼ ሁሉ ፊት ተነሳና ‹ኳሱ መጣ› አለ። ከየት መጣ? ከዝናቡ ጋር ወረደ? እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ወደ እኔ ዞራ ‹አባዬ፣ በዚያ ጨዋታ አንተም ነበርክ እንዴ?› አለችኝ።»

«እውነት ነው?» አልኩት ጫማ ጠጋኙን።

«ያሻማው እሱ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል!»

«ሰው ሁሉ ማን ነው? ይቺን ጎል በግድግዳ በኩል ስሰማ ነው የኖርኩት። እኔ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አሉ ጋሼ።

«ኤክስኪዩዝ ሚ፣ እኔም» አለ የልጄ ባል። እሱ እንኳ፣ ኳስ ነፍሱ የሆነው፣ አልጠየቀም። አንዳችንም ያን ኳስ ማን እንደሰደደው ለመጠየቅ አላሰብንም ነበር።

ጫማ ጠጋኙ መዶሻውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ አየሁት።

በወጉ መሠረት ሽማግሎች ሲመክሩ ባለጉዳዮቹ ይወጣሉ። ሁለቱን ወደ ፌርፋክስ አስወጣናቸውና በሩን ዘጋን። ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ቆሙ፤ ግን ሁለቱም በመስኮቱ አሾልከው ያዩናል።

የልጄ ባል «እማ፣ ያሻማው ሰው እኮ አሲስት ይባልለታል፤ ይቆጠርለታል» አለኝ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልቆጠራችሁለትም?» አልኩት፤ አቀረቀረ።

ጋሼ ድንጋይ ይሸከም አሉ። በእኛ አገር የበደለ ሰው በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው ፊት ይጎነበሳል። ተስማማን፤ ጠራናቸው፤ ፍርዱን ነገርኳቸው። ጎሉ የጫማ ጠጋኙ ነው፤ ማንም አይወስድበትም። ከዛሬ ጀምሮ ግን «ኳሱ መጣ» ማለት አይችልም፤ ማን እንደሰደደው አስቀድሞ ይናገራል፤ አሁን፣ እዚሁ። ድንጋይም ይሸከማል።

ባለ ክንፉ ደስ አለው። «ስንት የሚያክል ድንጋይ?» አለ።

«ወገቤ!» አለ ጫማ ጠጋኙ።

ፌርፋክስ ላይ ደግሞ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ሁሉም ሲሚንቶ ነው። ጫማ ሲመታ ከሥር የሚደግፍበትን፣ የእግር ቅርጽ ያለውን ብረት አነሳሁና ማጅራቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ያን ቅባት የጠጣ ፀጉሩን እንዳይነካ አንገቱን ሲያስተካክል አየሁት፤ በዚያ ሰዓት እንኳ! ከዚያ ጎንበስ አለ።

እኛ አገር እዚህ ላይ የተበደለው ሰው ሮጦ ሸክሙን ያወርድለታል። መሸከሙ ለወግ ያህል ነው። ሰውየው ይህን አያውቅማ! እጁን አጣጥፎ «መጀመሪያ ይናገር» አለ። ጋሼ እንዲነግሩት ወደ እኔ አዩ። እኔ ነገሩን መዘንኩትና ከፍርድ ውጭ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ዝም አልኩ።

ጫማ ጠጋኙ ብረቱን ተሸክሞ፣ ዓይኑ ወለሉ ላይ ሆኖ ተናገረ። ከዝናቡ አልጀመረም። አንድ ልጅ ነበረ ብሎ ጀመረ። የጎረቤቴ ልጅ። ከእኔ አጭር፣ ከእኔ ፈጣን። የእናቴን ካልሲ ስሰርቅ በር የጠበቀልኝ። በዚያ ቀን የቀኝ መስመሩ ከሁሉም የባሰ ጭቃ ነበር፤ ማንም በዚያ በኩል አይሮጥም። እሱ ሮጠ። ጫማው እስከ ጉልበት ከነበረው ጭቃ ውስጥ ቀረ…

«እስከ ቁርጭምጭሚት» አለ ባለ ክንፉ።

«እስከ ቁርጭምጭሚት። ተከላካዩ ገፋው፣ አልወደቀም። በካልሲ መታት። ቀና ብዬ ሳይ ኳሱ ወደ እኔ ይመጣል፤ ማየትም አያስፈልገኝም ነበር፣ እሱ ካሻማ የት እንደሚያርፍ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ያሻማልኝ እሱ ነው።»

ባለ ክንፉ ተነሳ። ብረቱን በሁለት እጁ ከማጅራቱ አወረደለት። ትንሽ ሰው ነውና ከበደው፤ ሆዱ ላይ ታቅፎት ቆመ።

«በል ዝለል» አለው። «ኳሱ ደርሶሃል።»

ጫማ ጠጋኙ ዘለለ። ያ ጉልበቱ ከመሬት ያነሳው አንዲት ጣት ያህል ቢሆን ነው። የልጄ ባል ግን «ጎል!» ብሎ እንዲያ ሲጮህ ከማዶ ያለው ፈረንጅ መስኮቱን ከፈተ።

የመሄጃው ቀን ሲደርስ ባለ ክንፉን ኤርፖርት ያደረሰው ጫማ ጠጋኙ ነው። ሲመለስ ወንበሬን አውጥቼ ጠበቅሁት። ዓይኑ ቀልቷል።

«አለቀስክ?» አልኩት።

«ኧረ! ተጣላን።»

«አላህ ይይልህ! ደግሞ በምን?»

«የተጋጣሚዎቻችን ማሊያ ነጭ ነበር ይላል። አረንጓዴ ነው! አውሮፕላኑ እስኪጠራ ነጭ ነው እንዳለ ነው የሄደው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሲደርስ ይደውላል» አለና ሱቁን ከፈተ። «ገና አልጨረስንም።»